አልወጣም፥ አልወርድም ያለ አክታ

ከአንድ መሥሪያ ቤት መዝገብ ቤት የሚሠራ ወጣት ደብዳቤ ጽፎልኛል። ደብዳቤው ሦስት ገጽ የሞላ ስለ ሆነ ፍሬ ነገሩን ብቻ ከዚህ ቀጥሎ አቀርባለሁ።

«ጋሼ፥ ዕድሜዬ 24 ዓመት ነው። ቀን በሥራ፥ ማታ በትምህርት ላይ ነኝ። ከአንድ ዓመት ከመንፈቅ ወዲህ በጉሮሮዬ አክታ ተጣብቆ አልወጣም፥ አልወርድም ብሎኛል። ጧት ስነሣ ይብስብኛል። ቀኑን ሙሉ ጉሮሮዬን ስጠርግ እውላለሁ። የክፍላችን ሰዎች ገና ከደረጃው ሥር ሳለሁ በ‹እህህ›ዬ ያውቁኛል፤ ከአጠገቤ የምትቀመጠው ባልደረባዬም ምንም ሳትናገር ወንበሯን ወደ መስኮቱ አዛውራለች። አሞክሳሲሊን ከመድኃኒት ቤት እየገዛሁ ሦስት ጊዜ ጨርሼ አልተሻለኝም። እናቴ ከአገር ቤት መጥታ ‹እንጥልህ ወርዶ ነው፥ የሚቆርጥ ሰው አውቃለሁ› ትለኛለች። በሚመጣው ወር ለደረጃ እድገት የቃል ፈተና አለብኝ። በፈታኞቹ ፊት ‹እህህ› እያልኩ ምን ልመልስ ነው? ደግሞስ ክፉ በሽታ ቢሆንስ?»

ወንድሜ፥ አፍረህ የጻፍከው መሆኑ ከአገላለጽህ ያስታውቃል። እኔም በበኩሌ በወጣትነቴ ሁለት ዓመት ሙሉ በጉሮሮ ጠራጊነት የታወቅሁ ሰው ነበርኩና አላፍርብህም። ያን ጊዜ የምከራይበት ቤት ባለቤት የነበሩት ወይዘሮ፥ ማታ በር ስቆረቁር «ማን ነው?» ብለው አይጠይቁኝም ነበር፤ ሳል ብዬ ስጠርግ ይከፍቱልኛል። እንደ ታናሽ ወንድሜ ስላየሁህ አንተ ብዬሃለሁ፤ የምጽፈው ግን ይህንኑ ችግር በመሐረቡ ሸፍኖ ለሚኖር ሁሉ ነው። በተለይ እኅቶቻችን በሰው ፊት አክ ማለት ነውር ሆኖባቸው ከእኛ ይልቅ ብዙ ጊዜ ችለው እንደሚኖሩ አውቃለሁ።

በመጀመሪያ ይህን የምንጠላውን ነገር ጥቂት እናክብረው። የአፍንጫና የጉሮሮ ውስጠኛ ሽፋን በጤናማ ሰው ላይ እንኳ በቀን 1 ሊትር ገደማ ፈሳሽ ያመነጫል። ከዚህም አብዛኛው ውሃ ነው፤ የቀረው የሚያሙለጨልጭ ንጥረ ነገር፥ ጥቂት ጨውና ከተሕዋስያን ጋር የሚዋጋ የሰውነት መከላከያ ነው። ከአየር ጋር የሚገባው አቧራ፥ ጥቀርሻና ጀርም በዚህ ፈሳሽ ላይ ዝንብ በማር ላይ እንደሚያዝ ይያዛል። ከዚያም በዐይን የማይታዩ ጥቃቅን ጠጉሮች በሰከንድ 10 ጊዜ ያህል እየተርገበገቡ ከአፍንጫ ወደ ኋላ፥ ከሳንባም ወደ ላይ እየገፉ ወደ ጉሮሮ ያደርሱታል። ሐኪሞች የእነዚህን ጠጉሮች ሥራ ለመመርመር ሲፈልጉ ሳካሪን ከተባለው ጣፋጭ ነገር አንዲት ቅንጣት ወደ አፍንጫ አግብተው፥ ሰውየው ጣፋጩን በምላሱ እስኪቀምሰው ድረስ ሰዓት ይይዛሉ፤ በጤነኛ ሰው ላይ ብዙውን ጊዜ ከ20 ደቂቃ አይበልጥም። እኛም ይህን ሁሉ ፈሳሽ ቀንና ሌሊት ሳይታወቀን እንውጠዋለን፤ የቀረውን ጨጓራ ይጨርሰዋል። ስለዚህ «አክታ መዋጥ ይመርዛል» የሚባለው መሠረት የለውም።

እንግዲህ ጥያቄው አክታ ለምን ኖረ ሳይሆን፥ ሳይታወቅ ያልፍ የነበረው ለምን ይታወቅ ጀመር የሚለው ነው። ወይ መጠኑ በዝቶአል፥ ወይ ወፍሮ እንደ ሙጫ ሆኖአል፥ ወይም ደግሞ ጉሮሮው ራሱ ተቆጥቶና አብጦ የተለመደውን ፈሳሽ መታገሥ አልቻለም። ይህ ሦስተኛው ብዙ ሰው የማይገምተው ነው። ያበጠ ጉሮሮ ምንም ሳይኖርበት የተጣበቀ ነገር ያለበት ይመስለዋል፤ ሰውየውም የሌለውን አክታ ሊያወጣ ሲታገል ይውላል።

ወደ ዝርዝሩ ከመግባታችን በፊት ግን «ክፉ በሽታ ቢሆንስ?» ላልከኝ ልመልስ፤ ይህ ጥያቄህ ከቃል ፈተናው ይበልጣልና። በአገራችን ከአክታ ጋር 2 ሳምንት ወይም ከዚያ በላይ የቆየ ሳል ያለበት ሰው ሁሉ ጤና ጣቢያ ሄዶ አክታውን ማስመርመር አለበት። ይህ ለሳንባ ነቀርሳ ነው። ሮበርት ኮኽ የተባለው ጀርመናዊ ሐኪም የበሽታውን ጀርም ማግኘቱን በበርሊን ከተማ ያስታወቀው በማርች 24 ቀን 1882 (እ.ኤ.አ.) ነበር፤ ዛሬ ምርመራውም ሆነ መድኃኒቱ በመንግሥት ጤና ጣቢያ በነፃ ይሰጣል፤ የተለመደው ዐይነት የ6 ወር መድኃኒት በትክክል ከተወሰደ ይድናል። ማታ ማታ ላብ የሚያሰምጥህ፥ ሱሪህ እየሰፋህ የሄደ፥ አክታህ ደም የነካው ከሆነ ሳምንትም አትቁጠር፤ ነገ ሂድ።

ስለዚህ ነገር የማልረሳው አንድ የሥራ ጓደኛ ነበረኝ። ከሌላ ልጅ ጋር አንዲት ክፍል ተከራይቶ ይኖር ነበር። ሳሉ ከጀመረው ወራት አልፎት ነበር፤ ነገር ግን «ነቀርሳ ነው ቢሉኝ ቤት የሚያከራየኝ አላገኝም» እያለ ሽሮፕ በሽሮፕ ላይ ይገዛ ነበር። በስተኋላ በግድ ወስደነው ሲመረመር የፈራው ሆኖ ተገኘ። እሱ መድኃኒቱን ወስዶ ዳነ፤ ደኅና ነው። ይሁን እንጂ አብሮት የሚተኛው ልጅም ተይዞ ስለ ነበር ያን ዓመት ትምህርቱን አቋረጠ። መድኃኒቱ ከተጀመረ በኋላ ማስተላለፉ ቶሎ እየቀነሰ የሚሄድ መሆኑን ያን ጊዜ ብናውቅ ኖሮ ቀደም ብለን እንገፋፋው ነበር። በአክታ ጉዳይ ዝም ማለት ዋጋው በሌላው ላይ የሚወድቅበት ጊዜ አለ።

ከዚህም በቀር ድምፅ ከ3 ሳምንት በላይ ከጎረነነ፥ ምግብ ሲዋጥ ከያዘ ወይም ካመመ፥ አንገት ላይ እብጠት ከወጣ፥ ወይም ከአንዱ አፍንጫ ብቻ መታፈንና ደም ከታየ ጉሮሮን በመስተዋትና በካሜራ የሚያይ ሐኪም ማየት ግድ ነው። አንተ በደብዳቤህ ከእነዚህ አንዱንም አላነሣህም፤ ሳል ስለ መኖሩም ግልጽ አላደረግህም። ካለህ የአክታ ምርመራው ይቅደም። ከሌለህ የሚከተለውን አንብብ።

አንድ ደብተር ግዛ። ለ7 ቀን በእያንዳንዱ ቀን የበላኸውን፥ የተኛህበትን ሰዓት፥ የነበርክበትን ቦታና አክታው የበረታበትን ሰዓት ጻፍ። የመዝገብ ቤት ሠራተኛ ነህና መመዝገብ አይከብድህም። ሐኪም ዘንድ ስትደርስ «ሁልጊዜ ያመኛል» ከማለት ይልቅ ይህን ደብተር ብትዘረጋ ግማሹን ሥራ ሠርተህለታል።

ደብተሩ ምን ሊነግርህ ይችላል? ማስነጠስ፥ የዐይንና የአፍንጫ ማሳከክ፥ መታፈን፥ ፈሳሽ በጉሮሮ ጀርባ ሲንጠባጠብ መታወቅ ከተመዘገበ ምንጩ ከላይ ከአፍንጫ ነው። ይህ ብዙውን ጊዜ አለርጂ ነው። መዝገብ ቤት የሚሠራ ሰው ደግሞ የዓመታት አቧራ የተኛበትን ፋይል ሲገልጥ ይውላል፤ ማታ ደግሞ ፀሐይ አይቶ የማያውቅ ፍራሽ ላይ ይተኛል። በአልጋ ልብስ ውስጥ የሚኖሩ በዐይን የማይታዩ የአቧራ ተባዮች ለአፍንጫ ዋና ጠላት ናቸው። አንሶላና የትራስ ልብስ በየሳምንቱ በሙቅ ውሃ ይታጠብ፤ ፋይል ስታራግፍ አፍንጫህን ሸፍን፤ ከተቻለም በደረቅ ጨርቅ ሳይሆን በረጠበ ጨርቅ ጥረግ።

ለአፍንጫ በርካሽነቱ የሚወዳደረው የሌለ መድኃኒት የጨው ውሃ ነው። ግማሽ ሊትር ውሃ አፍልተህ ካቀዘቀዝህ በኋላ አንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ጨው ጨምርበት፤ እንዳያቃጥል ግማሽ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ቢጨመር መልካም ነው። ጎንበስ ብለህ፥ ራስህን ወደ ጎን አዘንብለህ፥ በአፍህ እየተነፈስክ መርፌ በሌለው ትልቅ ስሪንጅ ወይም በንጹሕ የፕላስቲክ ጠርሙስ ወደ ላይኛው አፍንጫህ ቀስ አድርገህ ጨምር፤ በታችኛው ይወጣል። መጀመሪያ ያስደነግጣል፥ በሦስተኛው ቀን ይለመዳል። ነገር ግን ውሃው ካልፈላ በፍጹም አይሁን። ባልፈላ ውሃ ውስጥ ሊኖር የሚችል አንድ ዐይነት አሜባ በአፍንጫ በኩል ወደ አንጎል ገብቶ ሰው ገድሎአል፤ አደጋው እጅግ ጥቂት ሰው ላይ የደረሰ ቢሆንም ማፍላት ቀላል ነውና አትቸገር። እዚህ ላይ የእኛ አገር ሰው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከባሕር ጠለል ከፍ ባለ ቦታ ውሃ የሚፈላው በዝቅተኛ ሙቀት ነው። በዚህ የተነሣ ከ2,000 ሜትር ገደማ በታች 1 ደቂቃ መንተክተኩ ሲበቃ፥ ከዚያ በላይ ግን 3 ደቂቃ ሊንተከተክ ይገባል ይባላል። አዲስ አበባ፥ ጎንደር፥ ደሴና ደብረ ብርሃን ሁሉም ከዚያ በላይ ናቸው። እንግዲህ ማሰሮው «ቡልቅ» እንዳለ አታውርደው።

የጨው ውሃው ብቻውን ካልበቃ ሐኪም በአፍንጫ የሚነፋ፥ እብጠት የሚያበርድ መድኃኒት ያዝዛል። ይህ መድኃኒት ሙሉ ሥራውን ለመሥራት አንድ ወይም ሁለት ሳምንት በየቀኑ መነፋት ይፈልጋል፤ ብዙ ሰው በሦስተኛው ቀን «አልሠራም» ብሎ ይጥለዋል። አፉንም ወደ መካከለኛው አጥንት ሳይሆን ወደ ውጭ፥ ወደ ጆሮ በኩል አዙሮ መንፋት ነው፤ ለግራ አፍንጫ በቀኝ እጅ፥ ለቀኝ በግራ እጅ ቢይዙት በራሱ ይቀናል። አፍንጫን በአንድ ጊዜ ቦግ አድርጎ የሚከፍተው ጠብታ ግን ሌላ ነው። እሱን ከ5 ቀን በላይ የሚጠቀም ሰው መድኃኒቱ በለቀቀው ቁጥር አፍንጫው የባሰ ይታፈንበታል፤ እንደገና ያንጠባጥባል፤ እንዲህ እያለ ጠርሙሱን ከኪሱ ሳይለይ ዓመት የሚያሳልፍ አለ።

አሁን ወደ እኔ ጥፋት ልምጣ። የእኔ አክታ ከአፍንጫ አልነበረም፤ ከታች ነበር። የማታ ትምህርት ከምሽቱ 3 ሰዓት ይለቀናል፤ ቤት ስደርስ 4 ሰዓት ይሆናል። በበርበሬ የቀላ ሽሮ በእንጀራ ጥርግ አድርጌ በልቼ፥ ቡና ደርቤበት፥ አልጋ ላይ በጀርባዬ ተንጋልዬ መጽሐፍ በደረቴ ላይ አስደግፌ አነብ ነበር። እንቅልፍም እንዲሁ እንዳለሁ ይወስደኛል። ጨጓራና ጉሮሮን የሚለየው በር የበጎች በረት መዝጊያ ያህል እንኳ ጠንካራ አይደለም። ሆድ ሞልቶ ሰው ሲጋደም የጨጓራው አሲድና ምግብ የሚፈጨው ንጥረ ነገር ወደ ላይ ያፈተልካል። የምግብ ቧንቧ ይህን በመጠኑ ይችለዋል፤ ማንቁርት ግን አይችለውም። ስለዚህ ይቆጣል፥ ያብጣል፥ ራሱንም ለመሸፈን አክታ ያወፍራል። ነገሩን አሳሳች የሚያደርገው፥ ግማሹ ሰው ቃር የሚባል ነገር በደረቱ ሳይሰማው ጉሮሮው ብቻ መጎዳቱ ነው። እኔም «ጨጓራዬ ብረት ነው» ባይ ነበርኩ።

አንተስ? «ጧት ስነሣ ይብስብኛል» ብለሃል፤ ማታ ትማራለህ፤ ስለዚህ ደብተሩ ላይ የእራት ሰዓትህን በተለይ ጻፍ። በእራትና በመኝታ መካከል 3 ሰዓት ያህል ይኑር። ይህ ለማታ ተማሪ ከባድ መሆኑን አውቃለሁ፤ ስለዚህ ዋናውን ምግብ ከሥራ ስትወጣ፥ ከ11 ሰዓት ተኩል ገደማ በልተህ ወደ ትምህርት ሂድ፤ ከትምህርት መልስ ከራበህ ቀለል ያለ ነገር ቅመስ። ከአልጋው ራስጌ እግሮች ሥር ጡብ ወይም ጣውላ አስገብተህ ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርገው። ትራስ መደራረብ ይህን አይተካም፤ ሆድን አጥፎ ያስጨንቃልና። በጾም ወቅት እስከ 9 ሰዓት ወይም እስከ ማታ ቆይተው አንድ ጊዜ አጥግበው የሚበሉ ወዳጆቼም ይህንኑ ሲያማርሩ ሰምቻለሁ። ጾሙ ጉሮሮ ይጎዳል ማለቴ አይደለም፤ የሚጎዳው ባዶ ሆድን በአንድ ጊዜ ሞልቶ ወዲያው መጋደሙ ነው።

«የጨጓራ መድኃኒት ብወስድስ?» ትለኝ ይሆናል። በእንግሊዝ አገር የተደረገና በ2021 (እ.ኤ.አ.) የታተመ አንድ ጥናት አለ። ጉሮሮአቸው አልለቅ ያላቸው 346 ሰዎች ተመርጠው ለግማሾቹ ላንሶፕራዞል የተባለው የአሲድ መቀነሻ፥ ለግማሾቹ ደግሞ ምንም የሌለበት ተመሳሳይ ክኒን ለ16 ሳምንት ተሰጠ። ማን የትኛውን እንደ ወሰደ አልተነገራቸውም። በመጨረሻ ሲታይ ሁለቱም ወገኖች ተሻላቸው፤ የተሻላቸውም በእኩል መጠን ነው። ይህን ሳነብ ብዙ ሳቅሁ፤ እኔ ለዚያ ዐይነት ክኒን ያወጣሁትን ገንዘብ አስታውሼ። የሆነ ሆኖ ደረቱን በግልጽ ቃር የሚያቃጥለው ሰው ከክኒኑ ይጠቀማል፤ ጉሮሮ ብቻ ከሆነ ግን የእራት ሰዓቱንና አልጋውን ማስተካከሉ ይቅደም፤ የቀረውን ሐኪም ይወስን።

ስለ ሲጋራ ብዙ አልጽፍም። ጭሱ ቅድም የነገርኩህን ጥቃቅን ጠጉሮች ያደነዝዛቸዋል፤ ጠጉሮቹ ሲቆሙ አክታው ይቆማል፤ የአጫሽ የጧት ሳልም ይኸው ነው። በአንዲት ጠባብ ክፍል ውስጥ መስኮት ዘግቶ ከሰል ማንደድና ዕጣን ማጤስም ከዚህ ብዙ አይርቅም፤ ከሰሉማ ከአክታ አልፎ ሰው ይገድላል። ሌላ አንድ ነገር፦ አባትህ ወይም እናትህ የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስዱና ጉሮሮአቸውን የሚከረክራቸው፥ ደረቅ ሳልም ያስቸገራቸው ከሆነ መድኃኒቱ ኤናላፕሪል ወይም የእሱ ዘመድ እንዳይሆን ይጠየቅ፤ ይህ ዐይነቱ ከ100 ሰው ጥቂቶቹን እንዲህ ያደርጋልና። መድኃኒቱን ግን ራሳቸው አያቋርጡ፤ ሐኪሙ ይለውጥላቸዋል።

አሞክሳሲሊን ሦስት ጊዜ ጨርሰህ አለመሻልህ አይግረምህ። የጉንፋን ምክንያት ቫይረስ ነው፤ አለርጂና አሲድም ጀርም አይደሉም፤ መድኃኒቱ የሚገድለው ባክቴሪያ ከሌለ የሚሠራው ሥራ የለም። «አክታዬ አረንጓዴ ነውና ባክቴሪያ ነው» የሚል ክርክር አለ። አረንጓዴው ቀለም የሚመጣው ከራሳችን ነጭ የደም ሕዋሳት ነው፤ እነሱ ተዋግተው ሲሞቱ ከሚለቁት ንጥረ ነገር። በቫይረስ ጉንፋን ላይም ያው አረንጓዴ ይታያል። እንዲሁ በየጊዜው የሚወሰድ ፀረ ባክቴሪያ በአንተ ውስጥ ያሉትን ጀርሞች አስለምዶ፥ በእውነት ሳንባህ በተመታ ቀን መድኃኒት ያሳጣሃል። ከትኩሳት ጋር በድንገት የመጣ ከባድ የቶንሲል ሕመም ሲሆን ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ በተለይ በልጆች ላይ ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ ለልብ በሽታ የሚዳርግ ዐይነት አለና ሐኪም ይየው።

ወተትስ? «ወተት አክታ ያበዛል» የማይል አያት ያለው ሰው አላውቅም። ይህ እምነት የእኛ ብቻ ሳይሆን የብዙ አገር ነው። በአውስትራሊያ ግን 60 ፈቃደኞችን ሆን ብለው ጉንፋን አስይዘው የጠጡትን ወተትና ከአፍንጫቸው የወጣውን ፈሳሽ መዝነው ነበር፤ ውጤቱም በ1990 (እ.ኤ.አ.) ታተመ። በቀን እስከ 11 ብርጭቆ የጠጣ ነበረ አሉ፤ ሆኖም ወተት ብዙ የጠጣውም ጥቂት የጠጣውም በፈሳሹ ብዛት አልተለያዩም። ወተት ከምራቅ ጋር ሲቀላቀል ለጥቂት ጊዜ ወፍሮ ጉሮሮ ላይ ስለሚቆይ አክታ ይመስላል እንጂ አክታ አይጨምርም። ማኪያቶህን ካቆምክ እንግዲህ ተመለስበት፤ ማታ አይሁን እንጂ።

ስለ እንጥል ጠንከር ብዬ ልናገር። እናትህ ይህን የምትለው ከፍቅር ነው፤ ለእሷም ልጅ ሳለች የተነገራት ይኸው ነው። እንጥል ግን «አይወርድም»። ጉሮሮ ሲያብጥ አብሮ ያብጥና የረዘመ ይመስላል፤ ጉሮሮው ሲድን ወደ ቦታው ይመለሳል። ሥራ የሌለው ትርፍ ሥጋም አይደለም፤ ጉሮሮን የሚያረጥብ ቀጭን ምራቅ ያመነጫል፥ ከላንቃው ጋርም ሆኖ ምግብ ወደ አፍንጫ እንዳይሄድ ይረዳል። በምላጭ ወይም በማጭድ መሰል ብረት ቆርጠው ሲጥሉት ደሙ አልቆም ብሎ የሞቱ ሕፃናት አሉ፤ ቁስሉ መርቅዞ የሞቱም አሉ፤ ባልጠራ ብረት የሚተላለፈው በሽታ ሌላ ነው። ከዚያ ሁሉ በኋላ አክታው የመጣበት አፍንጫ ወይም ጨጓራ እንዳለ ነው። ለራስህ እምቢ ማለት ትችላለህ፤ የታናናሾችህንና የወንድም የእኅትህን ልጆች ጉዳይ ግን ከእናትህ ጋር ተቀምጠህ ተነጋገር፤ እነሱ እምቢ ማለት አይችሉምና። እናት ስትመክር በባዶው «አይሆንም» ማለት ያስቀይማል፤ ስለዚህ በምትኩ ዝንጅብል በማር አፍልታ እንድትሰጥህ ለምናት። ማር የሚከረክር ጉሮሮን በእርግጥ ያለዝባል፤ 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን ብቻ አይሰጥም።

የቀረው የልማድ ጉዳይ ነው፤ ለፈተናህም የሚረዳህ ይኸው ነው። በ1854 (እ.ኤ.አ.) ማኑኤል ጋርሲያ የተባለ የስፔን ተወላጅ የዘፈን አስተማሪ፥ ሐኪም ሳይሆን፥ ትንሽ የጥርስ ሐኪም መስተዋት በጉሮሮው ውስጥ አግብቶ በሌላ መስተዋት የፀሐይ ብርሃን እያንጸባረቀ የገዛ ራሱን የድምፅ አውታሮች ሲሠሩ አየ። የዛሬው የጉሮሮ ምርመራ ከእሱ የተወለደ ነው፤ ሰውየውም 101 ዓመት ኖሮአል። በዚያ መንገድ ሲታይ፥ ሰው ጉሮሮውን «እህህ» ብሎ ሲጠርግ ሁለቱ አውታሮች እርስ በርሳቸው እንደ ጥፊ ይማታሉ። በተማቱ ቁጥር ይቆጣሉ፥ ሲቆጡ ያብጣሉ፥ ሲያብጡ የተጣበቀ ነገር ያለ ይመስላል፤ እንደገና «እህህ»። ስለዚህ መጀመሪያ የነበረው ምክንያት ከሄደ በኋላም ልማዱ ብቻውን ችግሩን ዓመት ያኖረዋል።

መጥረግ ሲያምርህ አንድ ጉንጭ ውሃ ጠጣ። ውሃ ከሌለ አገጭህን ወደ ደረትህ ዝቅ አድርገህ ጠንከር ብለህ ምራቅህን ዋጥ። ይህም ካልበቃ ድምፅ ሳታሰማ፥ መስተዋት በእስትንፋስ እንደምታደበዝዝ አድርገህ አየር አውጣ። በቀን ስንት ጊዜ እንደጠረግህ በደብተሩ ጠርዝ ላይ በመስመር ምልክት አድርግ፤ መጀመሪያ ቀን እኔ 80 ላይ ሲደርስ መቁጠሩ ሰልችቶኝ ተውኩት። በሦስተኛው ሳምንት ቁጥሩ ወደ 20 ወርዶ ነበር። ፍጹም ዝም ያልኩት ግን ከሦስት ወር በኋላ ነው፤ ስለዚህ ፈተናህ እስኪደርስ ሙሉ በሙሉ ይለቅሃል ብዬ አላታልልህም።

በፈተናው ቀን ጧት በባዶ ሆድ ቡና አትጠጣ፤ ቁርስህን ቀለል አድርገህ ብላ። በዋዜማው እራትህን በጊዜ ጨርስ፤ አፍንጫህንም በጨው ውሃ እጠብ። ውሃ የያዘ ትንሽ ጠርሙስ ይዘህ ግባ፤ ከፈታኞቹ ፊት ከመቀመጥህ በፊት ፈቃድ ጠይቀህ ጠረጴዛው ላይ አኑረው። ጥያቄ ሲቀርብልህ ከመመለስህ በፊት አንድ ጊዜ ብትጎነጭ የሚያስብ ሰው ትመስላለህ እንጂ የታመመ አትመስልም። ጮክ ብለህ አትናገር፤ ሹክሹክታም አያሻህም፤ እሱም አውታሮቹን ያደክማልና። አንድ ጊዜ «እህህ» ቢያመልጥህ ይቅርታ አትጠይቅ፤ ቀጥል። ከፈታኞቹ አንዱ ራሱ ጠራጊ ሊሆን ይችላል፤ እኔ ስፈተን ሰብሳቢው ጠራጊ ነበሩ።

ለባልደረባህም ነገሩን ንገራት፤ «የሚተላለፍ አይደለም፥ ተመርምሬአለሁ» ማለት እንድትችል ግን የአክታውን ምርመራ አስቀድም። የ7 ቀኑን ደብተር ይዘህ ሐኪም ዘንድ ከደረስክ በኋላ ምን እንዳሉህና እራትህን በስንት ሰዓት ትበላ እንደ ነበር ጻፍልኝ።